ቁጭ ብድግ ያስጨነቀን ትንሽ አጥንት



በእህቶች ኅብረት ውስጥ «የጸሎት ርዕስ ያላት?» ሲባል በሽታዋን ለመናገር የምታፍር ብዙም አትገኝም። ጨጓራው፣ ደም ግፊቱ፣ የልጅ አስም፣ የአማት እግር ሁሉ ይነገራል። አንድ ሕመም ግን በዚህ ሁሉ ዓመት በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። እህቶች «ወገቤን ያመኛል» ይላሉ። «የቱ ጋ?» ስትሏቸው እጃቸው ወገባቸውን አልፎ ወደ ታች ይወርድና መንገድ ላይ ይቆማል፤ ግራ ቀኝ አይተው ይመልሱታል። የፓስተር ሚስት ብዙ ነገር በጆሮዋ ስለሚነገራት ይህችን የእጅ እንቅስቃሴ በደንብ አውቃታለሁ።

የሚያማቸው ወገባቸው አይደለም፤ የጭራ አጥንታቸው ነው። የአከርካሪያችን የመጨረሻ ጫፍ፣ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ተደብቃ የምትገኝ ትንሽ አጥንት ናት። ስሟም ቢሆን አያግዝም። በአማርኛ ጭራ፣ በእኛ አገር ኦሮምኛ ደግሞ «ኤጌ» ብትሏት ያው ጅራት ማለት ነው። በጉባኤ መካከል ቆሞ «ጭራዬን አሞኛልና ጸልዩልኝ» ለማለት ከባድ ድፍረት ይጠይቃል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ኀፍረቱ ብቻ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየቤቱ ስፖርት ተጀምሯል፤ ይህም መልካም ነገር ነው። ስኳርና ደም ግፊት የትልልቅ ከተሞች በሽታ መሆናቸው ቀርቶ እኛም ሰፈር ከደረሱ ቆይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በዚያም ላይ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት እንዲሠራ ይመክራል። እኔ የምኖረው ከነቀምቴ በስተ ምዕራብ፣ በዲጋ ነው። 150 ደቂቃው ለአካባቢያችን ሴት ብዙም አያስጨንቃትም፤ ገበያ ደርሶ መመለሱ፣ ውኃውና እንጨቱ ይሞላላታል። ጡንቻ ማጠንከሩን ግን ብዙዎቻችን የተማርነው ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየን ነው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ወፍራም ፍራሽ መሰል ነገር ላይ ተኝታለች፤ እኛ ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ላይ እንጋደማለን። እርሷ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ናት፤ እኛ ሦስት አራት ልጅ ወልደናል።

የእኔ ነገር የጀመረው በሐምሌ ጭቃ ነው። የወለጋን ክረምት የሚያውቅ ቀዩን አፈር ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲጠግብ ሳሙና ይሆናል። ከማድ ቤት ወደ ቤት ድስት ይዤ ስሻገር እግሬ ከፊቴ ሄደና በመቀመጫዬ ቁጭ አልኩ። ድስቱ አልፈሰሰም፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ይህንኑ ብቻ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ጎኔ እየተቀመጥኩ ከረምኩ፤ ከዚያ ተሻለኝና ነገሩ ተረሳ።

በጥር ወር ከሦስት እህቶች ጋር ቅዳሜ ጠዋት በእኛ ሳሎን ስፖርት ጀመርን። በሁለተኛው ቅዳሜ ሲት አፕ እየሠራን ሳለ ከወደ ታች ሚስማር የገባ ያህል ወጋኝ። የሚገርመው ስሄድ ምንም አይለኝም፤ ቆሜ ክብደት ሳነሣ ምንም የለም። በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ ስነሣ፣ ወደ ኋላ ተለጥጬ ስቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቡና ጠጥተን ከበርጩማ ስነሣ ነው የሚወጋኝ። ለአንድ የጤና ባለሙያ ብነግረው «በዚህ ዕድሜሽ ስፖርት ምን ያደርግልሻል? ተዪው» አለኝ። በቤተሰባችን ስኳር አለ፤ እናቴ ዓይኗን ያደከማት እርሱ ነው። ስለዚህ «ተዪው» የሚለው ምክር ለእኔ ቀላል ምክር አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት በሙያዋ ሐኪም ከሆነች አንዲት እህት ነው። ያስረዳችኝ ደግሞ በጉልቻ ነበር።

ስንቀመጥ ክብደታችን የሚያርፈው በሦስት ነጥብ ላይ ነው። ሁለቱ በግራና በቀኝ ያሉት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው፤ ሦስተኛዋ ከኋላ ያለችው የጭራ አጥንት ናት። ቀጥ ብለን ወይም ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ብለን ስንቀመጥ ሁለቱ ትልልቅ ጉልቻዎች ድስቱን ይሸከማሉ። ወደ ኋላ ስንለጠጥ ግን ድስቱ ወደ ሦስተኛዋ፣ ወደ ትንሿ ጉልቻ ያጋድላል። አሁን ሲት አፕን አስቡት። ከጀርባችን ተነሥተን ወደ ላይ ስንመጣ አከርካሪያችን በዚያችው ጫፍ ላይ ይንከባለላል፤ ስንመለስም እንደገና። ይህ 20 ጊዜ በሲሚንቶ ላይ ሲደጋገም ጤነኛ አጥንት እንኳ ያቃስታል። ከዚህም የሚብሰው እግርን ከመሬት አንሥቶ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ፣ ሰውነትን ግራ ቀኝ የሚያጠማዝዙት እንቅስቃሴ ነው። እዚያ ላይ ትንሿ ጉልቻ ብቻዋን ቀርታለች ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ስፖርቱ አጥንቷን አልሰበራትም፤ በሐምሌ የተጎዳችውን በጥር ነካት እንጂ። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው። ስፖርቱ ጠላት ከሆነ መተው አለብን፤ ጠላቱ አቀማመጡ ከሆነ ግን የምንለውጠው አቀማመጡን ነው።

ስለ አጥንቷ ጥቂት ልጨምር። አንድ ትመስላለች እንጂ ከ3 እስከ 5፣ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከ4 ትናንሽ አጥንቶች የተሠራች ናት፤ ወደ ፊትም ቀልመም ትላለች። የጥንት ግሪኮች ኩኩ የምትባለውን ወፍ መንቁር ስለምትመስል በወፏ ስም ጠሯት። ለሕመሟ የሕክምና ስም በማውጣት የሚታወቀው ጄምስ ሲምፕሰን የሚባለው የኤዲንብራ ሐኪም ነው፤ ይህም በ1859 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። ሲምፕሰን የማዋለድ ሐኪም ነበረ፤ በ1847 እ.ኤ.አ. ለምጥ ሕመም ክሎሮፎርም የተጠቀመው እርሱ ነው። የወላዶች ሐኪም ለዚህ ሕመም ስም ማውጣቱ የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ይህ ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች አምስት እጥፍ ያህል ይበዛል። የዳሌያችን አሠራር አጥንቷን ለአደጋ ያጋልጣታል፤ በወሊድ ጊዜ ደግሞ የሕፃኑ ራስ ሲያልፍ ወደ ኋላ ይገፋታል። ምጡ ሲረዝም፣ ወይም ሕፃኑ በመሣሪያ ተስቦ ሲወለድ ጉዳቱ ይብሳል። ከእኛ ጋር ስፖርት ከሚሠሩት አንዷ በጭቃ ወድቃ አታውቅም፤ የእርሷ ሕመም ከመጀመሪያ ልጇ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ «የአራስ ወገብ ነው፣ ብርድ ገብቶሽ ነው» ስትባል ኖራለች።

ወፍራም መሆን ለሕመሙ ያጋልጣል። በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰውም አጥንቷን የሚሸፍንላት ሥጋ ስለሚሳሳ ሊታመም ይችላል። ሆዷን ለማጥፋት በቀን 100 ሲት አፕ የምትሠራና እራት የማትበላ እህት ሁለቱንም በአንድ ላይ እያደረገች ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም።

ብዙ ባለትዳሮችን ያጋጨ አንድ ነገር ደግሞ ራጅ ነው። ሚስት ታማ ትሄዳለች፣ ራጅ ትነሣለች፣ «ንጹሕ ነው» ተብላ ትመለሳለች። ባልም «እንግዲህ ምንም የለብሽም» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጤነኛ ሰው ዘንድ አጥንቷ ስንቀመጥ ከ5 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ትንቀሳቀሳለች። ጅማቶቿ በመውደቅ ወይም በወሊድ ከላሉ ግን ከዚያ አልፋ ትታጠፋለች ወይም ከቦታዋ ትንሸራተታለች። ይህ የሚሆነው ስንቀመጥ ስለሆነ ተኝተን በተነሣነው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ዣን ኢቭ ሜኝ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆሞ የተነሡትን ራጅ ሕመሙ በሚሰማበት አኳኋን ተቀምጦ ከተነሡት ጋር በማነጻጸር ይህንን አሳይቷል። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ራጁ ንጹሕ ነው ማለት ሚስትህ ታስመስላለች ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጡንቻ ነው። የድሮ ጠፍር አልጋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠፍሩ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ሰውን ይሸከማል። በዳሌያችን ሥርም ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን የሚሸከሙ ጡንቻዎች እንደ ጠፍር ተወጥረዋል፤ ከኋላ የታሰሩት በጭራ አጥንቷ ላይ ነው። ከትልቁ የመቀመጫ ጡንቻም የተወሰነው ክፍል እርሷ ላይ ይያያዛል። ከባድ ነገር ስናነሣ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ከታች ጨምድደን፣ ጥርሳችንን ነክሰን ከሆነ ጠፍሩ ይወጠርና እንጨቷን ይጎትታታል። ቁጭ ብድግ ስንሠራ አጥንቷ መሬት ሳትነካ የምታመው በዚህ ምክንያት ነው። እስከ መጨረሻው ዝቅ ስንል ዳሌያችን ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ጡንቻውም ይለጠጣል።

ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው እናቶች «ከታች ጨምድጂ፣ ልቀቂ» የሚባል እንቅስቃሴ ይታዘዛል፤ ጠቃሚም ነው። ነገር ግን ጭራ አጥንቷን የሚያማት እህት ጡንቻዋ አስቀድሞ የተጨመደደ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለችው መጨምደድ ብቻውን ሕመሙን ያብሰዋል፤ ቀድማ መማር ያለባት መልቀቅን ነው። በጎኗ ተጋድማ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ሆዷ እስኪነፋ በአፍንጫዋ አየር መሳብ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ማስወጣት። አየሩ ሲገባ ከታች ያለው ጠፍር ሲላላ ይታወቃታል። ለአምስት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ከሁሉም አስቸጋሪ የሆነብኝ ይህ ነው፤ ሸክም የለመደ ሰው መልቀቅ ይቸገራል።

ሳሎናችን ውስጥ አሁን የምንሠራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሲት አፕና ያንን የመጠማዘዙን ነገር ትተናል። ለሆድና ለወገብ በእጅና በጉልበታችን ተንበርክከን ቀኝ እጅና ግራ እግርን አንድ ላይ እንዘረጋለን፤ ከዚያ እናቀያይራለን። ይህ አጥንቷን ፈጽሞ አይነካትም። በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየቱ፣ ፕላንክ የሚሉት፣ ከሲት አፕ ባልተናነሰ ሆድን ያሠራል። ያልለመደች በጉልበቷ ተደግፋ ለ10 ሴኮንድ ትጀምር። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከመሬት ማንሣትም አለ፤ ክብደቱ ትከሻና እግር ላይ ስለሚያርፍ አጥንቷ አየር ላይ ናት። ስንወርድ ብቻ ቀስ እንላለን፤ ዱብ ማለት የለም። ቁጭ ብድጉን አልተውነውም። ከኋላችን ወንበር አድርገን መቀመጫችን ወንበሩን ነካ ሲያደርግ እንመለሳለን፤ ስንነሣ እናስተነፍሳለን። ለክብደት 5 ሊትር የሚይዝ እጀታ ያለው ጀሪካን አለን፤ ውኃ ሲሞላ 5 ኪሎ ይሆናል፣ ግማሹን ስንሞላ ሁለት ኪሎ ተኩል። ከዚህ የተሻለ ክብደት በገንዘብ አይገዛም። ጂም የምትሄዱ ወዳጆቻችን ደግሞ ተቀምጦ በእግር የሚገፋውን ማሽንና ብስክሌቱን ለጊዜው ብታቆዩት ይመረጣል።

መለኪያችን ይህ ነው፤ ጡንቻ ሲደክም የሚሰማው መቃጠል የሚጠበቅ ነው። አጥንቷ ላይ ስል ሆኖ የሚወጋ ሕመም ከተሰማሽ ግን እንቅስቃሴውን በዚያው አቁመሽ በሌላ ለውጪ። በማግስቱ መቀመጥ የባሰ ከከበደሽ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነው።

ስፖርቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ የቀረውን ሰዓት የምናሳልፈው በመቀመጥና በመነሣት ነው። የቡና በርጩማ ለዚህች አጥንት ክፉ ወንበር ነው። በጣም ዝቅ ስለሚል ጉልበታችን ከዳሌያችን በላይ ይሆናል፤ ጀርባችን ይጎብጥና ድስቱ ወደ ሦስተኛዋ ጉልቻ ያጋድላል። ቡና ይቅር አላልኩም፤ እንዲህ ብል ወለጋ ውስጥ የሚሰማኝ የለም። ከፍ ያለ በርጩማ ይፈለግ፣ ወይም ከሥር ትራስ ይጨመር ነው የምለው። ስትነሡ ደግሞ በቀጥታ ወደ ላይ አትወርወሩ። ወደ በርጩማው ጫፍ ጠጋ፣ ከወገብ ወደ ፊት ዘንበል፣ ክብደቱ እግር ላይ ሲያርፍ ብድግ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ለምሳ ሲቆም ብቻ ሳይሆን በተቆመበት ሁሉ ወርዶ ይንቀሳቀስ። ሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል፤ ውኃ፣ ጎመንና ተልባ ማብዛት ጥሩ ነው። የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ፣ ሳትጠይቁ ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን አትውሰዱ።

ወደ ወጌሻ የሚሄዱም አሉ። በሰፈራችን «አዴ» እያልን የምናከብራቸው አንዲት እናት እጃቸው ለስብራት የተባረከ ነው ይባላል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ይህችን አጥንት ግን በኃይል ማሸትና መጫን ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። አጥንቷን በእጅ የማስተካከል ሕክምና በሠለጠነ ሰው ይሰጣል፤ ፊዚዮቴራፒም የተጨመደደውን ጡንቻ ለማላላት ይረዳል። ሳይሻል የቆየ እንደሆነ ሐኪሞች በቦታው መድኃኒት ይወጋሉ። አጥንቷን በቀዶ ጥገና ማውጣት ለጥቂቶች ብቻ የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻላቸዋል፤ ብቻ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል።

አሁን ለባለትዳሮች የምለው አለኝ፤ አንባብያን በቅን ልብ ተቀበሉኝ። ይህ ሕመም መኝታ ቤት ይገባል። አንዳንዷ ሚስት በጀርባዋ ስትተኛና ክብደት ሲያርፍባት አጥንቷ ይወጋታል። ለመናገር ታፍራለች፤ ስለዚህ ደክሞኛል ትላለች፣ ልጁ አልተኛም ትላለች፣ ጸሎት አለብኝም ትላለች። ባል ምክንያቱን ስላላወቀ ልቧ ከእርሱ የራቀ ይመስለዋል። እኔና ባለቤቴ ባለትዳሮችን ስናነጋግር «ትታኛለች» የሚል ባል ሰምተን፣ ሚስቱን ለብቻዋ ስጠይቃት ነገሩ ይህ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። የሁለት ዓመት ቅሬታ ነበር። መፍትሔው በጎን መተኛትና ባል እውነቱን መስማት ሆነ። እኅቴ ሆይ፣ ስሙን ለጉባኤ መናገር ባትችይ ለባልሽ ንገሪው። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ከወንበር ስትነሣ ፊቷ ከተለወጠ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ብለህ ጠይቃት፤ እጇም መንገድ ላይ ሲቆም አትሳቅ።

«ጸልየን አይበቃም ወይ?» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ቤት ይጸለያል። ነገር ግን በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ እንደሚፈወስ ከጌታ ዘንድ ከተነገረው በኋላም ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዝዟል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ክፍል ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ ጥፍጥፉ ግን በየትኛውም ወገን ክርክር ከምዕራፉ አልወጣም።

ሳይዘገይ ሐኪም ማየት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶችም አሉ። ፈረስ ስንጋልብ ኮርቻው የሚነካን ቦታ መደንዘዝ፣ ሽንት መያዝ ወይም መልቀቅ ማቃት፣ የእግር መስነፍ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሌሊት ተኝተውም የማይተው ሕመም ካለ ችላ አይባልም፤ በአገራችን ቲቢ አከርካሪንም ይይዛል። ከመቀመጫ መሰንጠቂያው በላይ አብጦ የሚቀላ ወይም መግል የሚይዝ ከሆነ እባጭ ነውና በትራስ አይድንም። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር ሁለት ወር ጠብቃችሁ ካልተሻላችሁ መታየት ይገባል።

ስለ ትራሱ ብዙዎች ስለጠየቁኝ አሠራሩን ልንገራችሁ። መሐሉ ክብ ሆኖ የተቀደደውን ዓይነት እኔ አልወደድኩትም፤ ዙሪያው ያው ይጫናል። ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ አራት ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ወንበር ላይ በሚበቃ ልክ ይቆረጣል። ከዚያ ከኋላው ጠርዝ መሐል ላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት በቢላዋ ይወጣል። ስትቀመጡ ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ስፖንጁ ላይ ያርፋሉ፤ ጭራ አጥንቷ ክፍተቱ ላይ ትንጠለጠላለች። ስፖንጁ ለስላሳ ከሆነ ወዲያው ይሟሽሽና ዋጋ የለውም። ለመኪናም፣ ለአምልኮ ቤት አግዳሚም ይሆናል።

ሦስት ቆርጬ ጨርቅ አልብሼ ነበር። አንዱ ቤታችን ነው፤ ሁለተኛው ያቺ ሰባት ዓመት የታመመችው እህት ዘንድ ነው። ሦስተኛውን አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ «ለባለቤቴ ነው» ብለው ወሰዱት። እሑድ አግዳሚው ላይ ራሳቸው ተቀምጠውበት አየሁ።